እግር ላይ የደም ዝውውር ሲያንስ፦ የኦክስጅን ቻምበር፣ የእግር ጉዞ ወይስ የደም ቧንቧ ማስከፈት?

ጅማ ውስጥ እግሩን የሚያመው ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ወጌሻ ጋ ውሰዱት ይላል፣ ሌላው ጨው የገባበት ሙቅ ውሃ ያዛል። ውጭ አገር ያለው ልጅ ደግሞ ቪዲዮ ይልካል፤ ሰው የኦክስጅን ቻምበር በሚባል የመስታወት ሲሊንደር ውስጥ ተጋድሞ ንጹህ ኦክስጅን ይተነፍሳል፣ ከሥሩ «የእግርን ደም ዝውውር ይመልሳል» የሚል ጽሑፍ አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ይፈጥናል። ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ መዋጮ ይጀመራል፣ ገና ያልተለቀመ ቡና ይሸጣል። ይህን የጻፍኩት ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እንዲነበብ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። እግሩ ላይ ቁስል ለሌለው፣ ሲራመድ ብቻ ባቱን ለሚያመው ሰው የኦክስጅን ቻምበር ከምርጫ ውስጥ መግባት የለበትም። ቁስል ላለበትም ቢሆን የመጀመሪያው በር እሱ አይደለም። የተዘጋው የደም ቧንቧ መከፈት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቻምበር ውስጥ የሚያልፉ ሳምንታት እግሩን ለማዳን የነበረውን ጊዜ ሊበሉት ይችላሉ።

መጀመሪያ በሽታው ይለይ

«ደም አልዘዋወር አለኝ» ተብሎ የሚነገረው ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም፤ የምርጫው ግማሽ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ደም ወደ እግር የሚወስደው ቧንቧ የጠበበበት ሰው ሲራመድ ባቱ ይታሰራል፣ ቆም ሲል በጥቂት ደቂቃ ይለቀዋል፣ እንደገና ሲነሳ እዚያው ርቀት ላይ ይይዘዋል። ከገበያ ሲመለስ በየሱቁ ደጃፍ አረፍ የሚለው ለዚህ ነው። ሲብስበት ሌሊት ተኝቶ ጣቶቹና የእግሩ ፊት ይጠዘጥዙታል፣ እግሩን ከአልጋ ወደ ታች ሲያንጠለጥል ቀለል ይለዋል። እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ ጭረት ሳትድን ወር ታልፋለች። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ደም ግፊትና ኮሌስትሮል ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ንጽጽር የሚመለከተው ይህን ሰው ነው።

ማታ ማታ እግሩ የሚያብጥ፣ ጠዋት ተኝቶ ሲነሳ የሚጎድልለት፣ ደም ሥሩ እንደ ገመድ የተወጠረ ሰው ግን ችግሩ ደም በመመለሱ ላይ ነው። እሱን የሚረዳው እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ መንቀሳቀስና የሚጨብጥ ስቶኪንግ ነው። ጥንቃቄ አለው፦ ደም የሚያደርሰው ቧንቧም ጠቦ ከሆነ ያው ስቶኪንግ እግሩን ሊጎዳ ስለሚችል የእግሩ የደም ግፊት ሳይለካ አያጥልቁ። እግሩ የሚቆጠቆጠውና የሚደነዝዘው፣ ቢረግጥም የማይሰማው የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ በአብዛኛው የነርቭ ጉዳት ነው ያለበት። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ያረሰ፣ ከጣቶቹ ጀምሮ ቀስ በቀስ እግሩ የወፈረ ሰው ዝሆኔ ሊሆን ይችላል። ይህ በደጋማው የአገራችን ክፍል የታወቀ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱ በየቀኑ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። እነዚህን ሦስቱን ይዞ ቻምበር ውስጥ መግባት ገንዘብ መበተን ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ምንም ንጽጽር አይፈልጉም። አንድ እግር ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከደነዘዘና ከባድ ሕመም ከያዘው ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው፤ በዚያው ሌሊት ኮንትራት ይዞ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መድረስ ነው። አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠና ከሞቀ፣ በተለይ ከወሊድ፣ ከኦፕራሲዮን ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ ከሆነ፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ይህን እግር ማሸት አይገባም፤ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከሁሉ የሚቀድመው ምርመራ

ውድ አይደለም። ሐኪሙ የእግርዎን ትርታ በሁለት ቦታ፣ ከእግር ፊት ላይና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ፣ በጣቱ ይዳስሳል። ቀጥሎ የቁርጭምጭሚት ደም ግፊት ዶፕለር በሚባል የደም ፍሰትን በድምፅ በሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ተለክቶ ለክንድ ግፊት ይካፈላል። ክንድዎ 150፣ ቁርጭምጭሚትዎ 90 ቢሆን ውጤቱ 0.6 ነው። ከ0.9 በታች የቧንቧ ጥበት አለ ማለት ነው፣ ከ0.4 በታች ከሆነ ጥበቱ የከፋ ነው። ለረጅም ዓመት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ቧንቧቸው ስለሚደድር ቁጥሩ ከ1.4 በላይ ወጥቶ ሊያታልል ይችላል፤ ለእነሱ የእግር ጣት ግፊት ወይም የዶፕለር አልትራሳውንድ ምርመራ ይሻላል።

ጅማ ሜዲካል ሴንተር የደቡብ ምዕራቡ አካባቢ ሪፈራል ሆስፒታል ነው፣ የስኳር ክትትል ክሊኒክም አለው። ሸነን ጊቤ ሆስፒታልም ሆነ በየቀበሌው አካባቢ ያለው ጤና ጣቢያ መነሻ ሊሆን ይችላል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ሪፈሩን በደረጃው አጽፉ፤ ደረጃውን ዘልሎ የሄደ ሰው ወጪ ራሱ ላይ ሊወድቅበት ይችላል። ይህ መድን ውጭ አገር የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም።

ቻምበሩ የሚሠራውና የማይሠራው

ሕመምተኛው በተዘጋ ክፍል ወይም ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ፣ ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው አየር ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ተደርጎ፣ 100 በመቶ ኦክስጅን ይተነፍሳል። አንዱ ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በጠቅላላው ከ20 እስከ 40 ጊዜ። በመደበኛ አየር ውስጥ በደም ፈሳሽ ላይ የሚሟሟው ኦክስጅን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 0.3 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በ3 እጥፍ ግፊት ወደ 6 ይጠጋል። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ለቁስል የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎች ጀርምን ለመግደል፣ አዲስ ሥጋና ጥቃቅን የደም ሥሮች ለመብቀል ኦክስጅን ይፈልጋሉ።

ነገር ግን ያ ሁሉ ኦክስጅን ተጭኖ የሚሄደው በደም ላይ ነው። ከሊሙ ቡና የጫነ መኪና ድልድዩ ከተሰበረ ጭነቱ ቢበዛም ጅማ አይደርስም። ቻምበሩ ጭነቱን ያበዛል እንጂ ድልድዩን አይጠግንም፤ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ስብና ኖራ አያሟሟም። ግፊቱ ወደ ነበረበት ሲመለስም የተጨመረው ኦክስጅን ብዙም ሳይቆይ ይወርዳል። ሲራመድ ባቱ የሚታሰር ሰው ከቻምበር ወጥቶ በዚያው ርቀት የሚቆመው ለዚህ ነው።

የተደረጉት ጥናቶችም በሁለት ወገን ናቸው፣ ሁለቱንም ማወቅ ይገባል። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት የቆየ ቁስል ያለባቸውን 94 የስኳር ሕመምተኞች አሳተፈ፤ ግማሾቹ ቻምበር ውስጥ ኦክስጅን፣ ግማሾቹ በዚያው ቻምበር ውስጥ ተራ አየር ተነፈሱ፣ ማን የትኛውን እንዳገኘ አልተነገራቸውም። ከአንድ ዓመት በኋላ ኦክስጅን ካገኙት 52 በመቶ፣ ካላገኙት 29 በመቶ ቁስላቸው ዳነ። ተስፋ የሚሰጥ ነው። እዚያ የተመረጡት ግን ደማቸው በበቂ የሚደርስ ወይም ቧንቧቸው በቀዶ ሕክምና ሊታደስ የማይችል ሰዎች ነበሩ። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ደግሞ ስኳርም፣ ቁስልም፣ የጠበበ ቧንቧም ያለባቸውን 120 ሰዎች ወሰደ፤ ሁሉም መደበኛውን ሕክምና አገኙ፣ ግማሾቹ ላይ ቻምበር ተጨመረ። እግርን ከመቆረጥ በማዳንም ሆነ ቁስልን በማድረቅ አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። ቻምበር ከተመደበላቸው ውስጥ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት የታዘዘላቸውን ሳይጨርሱ ቀሩ። ይህ የሆነው መንገዱ ደህና፣ መጓጓዣው የተመቻቸ በሆነ አገር ነው። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ የተነሳ አርሶ አደር ከቤቱ ርቆ ለስድስትና ለስምንት ሳምንት፣ ከአስታማሚ ጋር፣ በየቀኑ መመላለስ ይችላል ወይ?

የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን መድን እንኳ ለስኳር ሕመምተኛ ቁስል ቻምበርን የሚከፍለው ቁስሉ ጥልቅ ሆኖ አጥንት ወይም መግል ያለበት ደረጃ ከደረሰና 30 ቀን በአግባቡ ታክሞ ለውጥ ካላሳየ ብቻ ነው። «ደም ዝውውሬ ደካማ ነው» ማለት ብቻውን አያስከፍልም።

የእግር ጉዞና መድኃኒት፦ ርካሹ፣ ግን ጠንካራው ምርጫ

ሰዎች ይህን ስነግራቸው ያዝናሉ፤ ሕክምና ጠይቀው ምክር ያገኙ ይመስላቸዋል። ግን ሲራመድ ለሚያመው እግር ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ከወገብ በታች ትልቁ ቧንቧ የጠበበባቸውን 111 ሰዎች በሦስት ከፈለ። ከስድስት ወር በኋላ በባለሙያ ክትትል የተራመዱት ሳያቋርጡ የመራመድ አቅማቸው በ5.8 ደቂቃ ጨመረ፣ ቧንቧቸው በብረት መረብ የተከፈተላቸው በ3.7፣ መድኃኒት ብቻ የወሰዱት በ1.2። ቧንቧው ጠቦ እንዳለ ጡንቻው ባለው ደም መሥራትን ይማራል፣ በጎን ያሉ ትናንሽ ሥሮችም ሊያግዙት ይችላሉ።

አካሄዱ ሥርዓት አለው። ሕመሙ ከመካከለኛ ትንሽ ከፍ እስኪል ይራመዱ፣ ይቁሙ፣ ሙሉ በሙሉ ሲለቅዎ እንደገና ይነሱ። እረፍቱን ጨምሮ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጥ ላይታይ ይችላል፤ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው፣ እባክዎ አያቋርጡ። ጅማ ላይ በሜዳማው መንገድ ይጀምሩ። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው ዳገት ለሦስተኛው ወር ይቆይ። ቁስል ያለበት ወይም ሲተኛ የሚያመው ሰው ግን ይህን አይጀምር፤ የእሱ መንገድ ከዚህ በታች ያለው ነው። ደረቱን የሚያመው ሰውም ልቡን ሳይታይ አይነሳ።

መድኃኒቶቹ የታወቁ ናቸው፦ ደም እንዳይረጋ አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን፣ ከዚያ የግፊትና የስኳር መድኃኒት። እነዚህ የሚሰጡት ለእግር ብቻ አይደለም። የእግሩ ቧንቧ የጠበበ ሰው የልቡና የአንጎሉም እንደዚያው ሊሆን ስለሚችል ከድንገተኛ የልብ ሕመምና ከስትሮክ ይጠብቁታል። ሲሎስታዞል የሚባለው የመራመጃ ርቀትን የሚጨምር መድኃኒት ሲታዘዝልዎ የልብ ድካም ካለብዎ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ለእርስዎ አይሆንም።

ትንባሆ ላይ ግን ድርድር የለም። በከተማችን ጫት ሲያዝ ብቻ የሚያጨስ ብዙ ሰው አለ፣ ራሱን አጫሽ አድርጎም አይቆጥርም። ቧንቧው ይቆጥረዋል። ሺሻም እንደዚያው ነው። በወጣትነታቸው የጣቶቻቸው ቧንቧ በትንባሆ ምክንያት የሚዘጋባቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱ ካላቆሙ የትኛውም ቻምበር፣ የትኛውም ቀዶ ሕክምና አያዋጣቸውም፣ ካቆሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመቆረጥ ይተርፋሉ።

ቧንቧውን ማስከፈት

ሌሊት ተኝቶ የሚያመው፣ የማይድን ቁስል ያለበት ወይም ጣቱ መጥቆር የጀመረ ሰው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህን ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከብሽሽት በቀጭን ቱቦ ገብቶ የጠበበውን ቦታ በፊኛ ማስፋትና አንዳንዴ የብረት መረብ መተው ነው። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ሰው ቶሎ ይነሳል፣ ቧንቧው ግን እንደገና ሊጠብ ይችላል። በዚያ ላይ የሚሰጠው ቀለም ለኩላሊት ስለሚከብድ አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በቀዶ ሕክምና፣ ከራስ እግር በተወሰደ ደም መልስ ሥር፣ ከተዘጋው በላይና በታች አዲስ መተላለፊያ መሥራት ነው። የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ትልልቆቹ ጥናቶችም አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. የ2022ቱ ጥሩ ሥር ላለው ሰው ቀዶ ሕክምናው ይሻላል ሲል፣ የ2023ቱ ከጉልበት በታች ለተዘጋ ቧንቧ ፊኛውን አስቀደመ። ስለዚህ ውሳኔው በራስዎ የደም ቧንቧ ምስልና በሚያክምዎ ባለሙያ እጅ ነው።

በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሐኪሞች በአገራችን ጥቂት ናቸው፣ የሚበዙትም አዲስ አበባ ነው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ለቻምበር የተዋጣ ገንዘብ ካለ ለዚህ ጉዞ ይዋል። ሪፈሩ ሲጻፍ የቁርጭምጭሚቱ ቁጥር፣ የዶፕለሩ ውጤትና የመድኃኒቱ ዝርዝር አብሮ እንዲሄድ አጥብቀው ይጠይቁ፤ ባዶ ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው ያንኑ ምርመራ እንደገና ሊጀምር ነው።

ቁስሉ ራሱ

ቻምበርም ሆነ ቀዶ ሕክምና የዕለት እንክብካቤን አይተካም። የሞተው ሥጋ መነሳት አለበት፣ ኢንፌክሽኑ መታከም አለበት፣ አጥንት ገብቶ እንደሆነ በራጅ መታየት አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁስሉ ላይ መቆም መቅረት አለበት፤ ስሜት የጠፋበት ውስጥ እግር ሳይታወቀው በየእርምጃው ይቀጠቀጣልና በልዩ ጄሶ፣ በልዩ ጫማ ወይም በክራንች ክብደቱ ይነሳለት። በክረምት ጭቃ ውሃ የቋጠረ ኮንጎ ጫማ አድርጎ የሚውል የስኳር ሕመምተኛ ቁስሉ እንዴት ይደርቃል? እግርን በፍም አጠገብ ማሞቅ፣ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍም ይቅር፤ ሳይሰማው የሚቃጠል እግር ነው። ሳይለኩ፣ ሳያውቁ የሚደረግ ጠንካራ መታሸትም እንዲሁ።

ቻምበር ቦታው የት ነው?

ጠባብ ቦታ አለው፣ አልክድም። ስኳር ያለበት፣ ጥልቅ ቁስል የያዘ፣ ቧንቧው ተከፍቶለት ወይም የሚከፈት እንደሌለ በባለሙያ ተነግሮት፣ ኢንፌክሽኑም ስኳሩም ተይዞ፣ ክብደት ከቁስሉ ላይ ተነስቶ፣ ከአንድ ወር በኋላም ቁስሉ ያልቀነሰ ሰው ሊያስብበት ይችላል። ለእሱም ከመጀመሩ በፊት በቁስሉ ዙሪያ ቆዳው የሚያገኘውን ኦክስጅን በመሣሪያ መለካት አለ። ቻምበር ውስጥ ገብቶ ተለክቶ እንኳ ቁጥሩ ካልጨመረ 30 ጊዜ መግባት ትርጉም የለውም።

ሳንባው አየር አምልጦ የተጨመቀበት ሰው ሳይታከም ፈጽሞ መግባት የለበትም። የከፋ የሳንባ በሽታ፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ሕመም፣ የዝግ ቦታ ፍርሃት ያለበት ለሐኪሙ ይናገር። በብዛት የሚታየው ጉዳት የጆሮ መጎዳት ነው። የዓይን እይታ ለጊዜው ሊለወጥ ይችላል፣ አልፎ አልፎም ኦክስጅኑ ራሱ መንቀጥቀጥ ያመጣል። እሳቱ ግን አስፈሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሚላን ውስጥ በአንድ ቻምበር እሳት ተነስቶ 11 ሰው ሞቷል፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በሚሺጋን አንድ ሕፃን። ስለዚህ ስልክ፣ ክብሪት፣ ናይለን ልብስ፣ ቅባትና ቅቤ የተቀባ ፀጉር ወደ ውስጥ አይገቡም። እነዚህን የማይፈትሽ ቦታ ካዩ ይውጡ።

በስልክ ማስታወቂያ ስለሚሸጠው፣ በአየር ስለሚነፋው ለስላሳ የቤት ከረጢትም ብዙ ሰው ይጠይቃል። «1.3 እጥፍ ግፊት» ይባልለታል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 0.8 ያህል ነው። ከረጢቱ በዚያ ላይ የሚጨምረው 0.3 ቢሆን ጠቅላላው 1.1 ነው፤ ጅቡቲ ወርዶ ባሕር ዳር ከመቀመጥ እምብዛም የማይበልጥ። ቁስል ላይ የተጠናው ግፊት ከ2 በላይ፣ ኦክስጅኑም ንጹህ ነበር። ከረጢቱን አይግዙ።

እውነተኛ ቻምበር ጋ ለመሄድ የወሰነ ቤተሰብ፣ ቦታው አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ፣ ከመክፈሉ በፊት እነዚህን ይጠይቅ። የቁርጭምጭሚት ግፊቱን አይተው ነው የተቀበሉን? የቧንቧ ሐኪም አይቶታል? ስንት ጊዜ ነው፣ የአንዱ ዋጋ በዚያ ቁጥር ሲባዛ፣ ማደሪያና አስታማሚ ሲጨመር ስንት ይደርሳል? ከ15 ወይም ከ20 ጊዜ በኋላ ቁስሉ ካልቀነሰ ያቆማሉ ወይስ ይቀጥላሉ፣ የቀረው ገንዘብስ ይመለሳል? ግፊቱ ስንት ነው፣ ውስጥ ሳለን ሐኪም አጠገብ አለ? ስኳር ቻምበር ውስጥ ሊወርድ ስለሚችል ከመግባት በፊትና ከወጡ በኋላ የሚለካው ማን ነው? በእነዚያ ሳምንታትስ ቁስሉን የሚያጥበውና የሚጠግነው ማን ነው?